ቡና ፍሬ በባጃጅ ላይ፦ የመጀመሪያ ኤርብራሼና ኮምፕረሰሬ

ሚያዝያ 10

ዛሬ ጠዋት አንድ የባጃጅ ባለቤት መጣ። ከኋላ በኩል የቡና ቅርንጫፍ እንድስልለት ይፈልጋል። ፍሬዎቹ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ እየተቀየሩ መሄድ አለባቸው። ሐሳቡን ወደድኩት። ጅማ ላይ ከቡና የበለጠ ምን ይሳላል?

ላሜራ ላይ አንድ ፍሬ በብሩሽ ሞከርኩ። ሲንተቲክ ቀለም በብሩሽ ሲዋሃድ የብሩሹ ፈለግ ይቀራል። በስፕሬይ ጣሳ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ፍሬ ላይ ማነጣጠር አይቻልም። አንዴ ጫን ሲደረግ ቅጠሉም ግንዱም ቀይ ይሆናል። ሰውየውን ሁለት ወር ጠየቅሁት። "ክረምቱ ሳይከብድ ይሁን እንጂ ችግር የለም" አለኝ።

ስለዚህ ኤርብራሽ ልገዛ ነው፤ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ፣ በአየር ቀለም የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ነው። በእጄ ይዤው አላውቅም። የማውቃቸው ቀለም ቀቢዎች ሁሉ የሚሠሩት በትልቁ የመኪና ስፕሬይ ነው። የማወጣውን ብርና የማበላሸውን እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 14

አራት ቀን ስለ ኤርብራሹ ብቻ ሳነብ ቆየሁ። ዋናው ምርጫ ቃታው ላይ ነው። ሲንግል አክሽን የሚባለው ቃታውን ስትጫኑት ቀለምና አየር አብረው ይወጣሉ። የቀለሙን መጠን ከኋላ ባለች ቁልፍ አስቀድማችሁ ትወስናላችሁ። ደብል አክሽን ግን ወደ ታች ስትጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ስትስቡት ቀለም ይሰጣል። ሁለቱንም አንድ ጣት ነው የሚያዘው። ለመልመድ ይከብዳል። ነገር ግን የቡና ፍሬ ጥላ የሚሠራው በዚያ ጣት ነው። መጀመሪያ ሲንግሉን ገዝቶ በኋላ መቀየር ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው። ደብል አክሽን ወሰንኩ።

ቀለም መያዣው ከላይ ያለውን ግራቪቲ ፊድ መረጥኩ። ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል። ጥቂት ጠብታ ቀለምም ይበቃዋል። ከታች ጠርሙስ የሚንጠለጠልበት ሰፊ ቦታ ለሚቀባ ሰው ይሻላል።

ኖዝሉ ላይ፣ ማለትም ቀለሙ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ብዙ አመነታሁ። 0.2 ሚሊሜትር እንደ ፀጉር ለቀጠነ መስመር ነው፤ ቶሎ ይደፈናል። 0.5 ወፈር ያለ ቀለም ያሳልፋል። 0.3 መሃል ላይ ነው። ታዋቂዎቹንም አየሁ። የኢዋታ ኢክሊፕስ 0.35 ነው፣ የባጀር ፓትሪየት 105 ደግሞ 0.5። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ግን ኖዝል ቢሰበርብኝ ጅማ ላይ መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ? ከሦስት ኖዝልና ከሦስት መርፌ ጋር የሚመጣውን ርካሹን ለመግዛት ወሰንኩ። አዲስ አበባ መርካቶ የሚሄድ ጓደኛዬን ላክሁት። 4,800 ብር።

አየሩን አምቆ ስለሚሰጠው ማሽን፣ ስለ ኮምፕረሰር ግን አንድም ገጽ አላነበብኩም። አየር የትም አይጠፋም ብዬ ነበር።

ሚያዝያ 23

ኤርብራሹ መጣ። ክብደቱ ደስ ይላል። ይዤው በቀጥታ አጂፕ አካባቢ ወደማውቃቸው ጎሚስታ ሄድኩ። ጋሼ ትልቅ ኮምፕረሰር አላቸው።

መጀመሪያ የአየሩ ጎማ (ቱቦው) ኤርብራሹ ላይ አልገባም። የኤርብራሹ ጥርስ፣ ቱቦው የሚጠመዘዝበት፣ አንድ ስምንተኛ ኢንች ነው። የእሳቸው መስመር አንድ አራተኛ ነው። ማቀያየሪያ ኒፕል ፈልጌ እስካገኝ ሁለት ቀን አለፈ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባጀርና ፓሽ የሚባሉት ብራሾች የራሳቸው ጥርስ ስላላቸው ማቀያየሪያቸው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ችግር ግፊቱ ነው። የጎሚስታ ታንክ 8 ባር ነው የሚይዘው። ኤርብራሽ የሚፈልገው ከ1 እስከ 2 ባር ነው፤ ጌጁ ላይ ከ15 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. መሆኑ ነው። ግፊት የሚቀንስ ሬጉሌተር የለኝም። ጋሼ አንድ መላ አመጡ። "ልጄ፣ የመኪና ጎማ ነፍቼ ልስጥህ፤ እሱ ከሁለት ተኩል አይበልጥም" አሉኝ። ከነቸርኬው ያለ ጎማ 2.5 ባር ነፍተው ሰጡኝ። ያለ ቸርኬ ባዶ ካላማዳሪ እንዳትነፉ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ሠራ! በሕይወቴ የመጀመሪያውን የኤርብራሽ መስመር ጣልኩ። ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ደከመ። ሂሳቡ ግልጽ ነው። የቤት መኪና ጎማ ውስጡ ወደ 30 ሊትር ገደማ ነው። ከ2.5 ወደ 1.2 ባር እስኪወርድ የሚሰጠው 40 ሊትር የማይሞላ አየር ነው። ብራሹ በደቂቃ ወደ 15 ሊትር ይጠጣል። ጎማ ተሸክሞ መመላለስ ሥራ አይሆንም።

ግንቦት 3

ፍሪጅ ሠሪው ጎረቤቴ የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕረሰር በ2,500 ብር ሰጠኝ። የፍሪጅ ሞተር ብዙ ድምፅ የለውም። አየር ይስባል፣ ይገፋል። ብዙ ሰው በዚህ እንደጀመረ አንብቤያለሁ።

ቱቦውን መቁረጥ ለእሱ ተውኩት። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። አንዳንድ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ ኤር 600 ኤ ነው። በእሳት ይያያዛል። በብየዳ እሳት ልክፈተው ያለ ሰው ራሱን ሊያቃጥል ይችላል።

ታንክ ደግሞ ያስፈልጋል። ያለ ታንክ አየሩ በሞተሩ ምት ልክ ትር ትር እያለ ይወጣል፤ መስመሩም ነጠብጣብ ይሆናል። አንድ ሰው የቡታጋዝ ሲሊንደር በብየዳ ታንክ ይደረግ አለ። እምቢ አልኩ። ውስጡ ጋዝ ይቀራል። ብየዳውም ግፊት ይችል አይችል ማንም አይፈትሸውም። ከአሮጌ ብረት መሃል የጭነት መኪና የፍሬን አየር ታንክ አገኘሁ። እሱ ድሮም ለአየር የተሠራ ነው። ከታች ውኃ ማውጫ አለው። 1,400 ብር። ሴፍቲ ቫልቭ፣ ጎማ፣ ኒፕልና ቴፍሎን 1,600 ብር ወሰደ። ከእጄ 5,500 ብር ወጣ።

ግንቦት 6

ሞተሩ አንዴ ከጠፋ በኋላ አይነሳም። ይንጫጫል፣ ጧ ብሎ ይቋረጣል። ተቃጠለ ብዬ ደነገጥኩ። ጎረቤቴ ሲያየው ጤነኛ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከመነሳቱ በፊት የሁለቱ ወገን ግፊት እኩል እስኪሆን ያርፋል። የእኔ ታንክ ግን 4 ባር ይዞ ይጠብቀዋል። ፊት ለፊት የተዘጋ በር እንደመግፋት ነው።

መፍትሔው ታንኩ አፍ ላይ የማይመልስ ቫልቭ ማስገባትና ከሞተሩ እስከ ቫልቩ ያለውን አየር በጠፋ ቁጥር ማስተንፈስ ነው። አስገባን። አሁን ይነሳል።

ግንቦት 9

ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣ አጸዳሁ፣ ቀይ ነፋሁበት። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ክብ ክብ ጉድጓድ አወጣ። ቀለሙ ከዚያ ቦታ የሸሸ ይመስላል። ላሜራው ቅባት ነበረው ብዬ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) አጥቤ ደገምኩ። ያው ነው።

ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ቀለም አየር ብቻ ነፋሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳየው ብርሃን የሚያሳልፍ ጠብታ ጠብታ ነበረበት። ዘይት ነው። የፍሪጅ ኮምፕረሰር በዘይት ተሞልቶ ነው የሚሠራው። ፍሪጅ ውስጥ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ዞሮ ይመለሳል። እዚህ ግን መመለሻ የለውም። ከአየሩ ጋር ይወጣና ያልቃል። ሲያልቅ ሞተሩም ነክሶ ይቆማል።

የወረቀቱን ፈተና ለማንኛውም ሰው እመክራለሁ። ያገለገለ ኮምፕረሰር ልትገዙ ስትሄዱ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ሳምንት ሙሉ በዚህ ነገር አዝኛለሁ። ለብራሹ አራት ቀን አነበብኩ። ለአየሩ አንድ ቀን ባነብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ግንቦት 16

ኮምፕረሰር ምርጫ። አሁን በደንብ አነበብኩ።

ለኤርብራሽ ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ማሽን አለ። ኤ.ኤስ. 186 የሚባለው ከአንድ አምስተኛ የፈረስ ጉልበት ሞተር ጋር ባለ 3 ሊትር ታንክ ነው። ዘይት የለውም። ወደ 4 ባር ሲደርስ ራሱ ይጠፋል፣ ወደ 3 ሲወርድ ራሱ ይነሳል። ሬጉሌተርና የውኃ መያዣ አብሮት ይመጣል። በደቂቃ ከ20 ሊትር በላይ ይሰጣል ይላሉ። ግን ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። አየራችን አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቢሆንም ለአንድ ብራሽ ይበቃል።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። መብራት።

ግማሽ ፍሬ ላይ እያለሁ መብራት ቢጠፋስ? ጥላው እየተዋሃደ ነው፣ ቀለሙ እየደረቀ ነው። 3 ሊትር ታንክ ከ4 ወደ 2 ባር እስኪወርድ 6 ሊትር አየር ይሰጠኛል። 24 ሰከንድ መሆኑ ነው። 24 ሊትር ታንክ 8 ባር ከያዘ እስከ 2 ባር 144 ሊትር ይሰጣል። ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል። በዘጠኝ ደቂቃ የጀመርኩትን ፍሬ ጨርሼ፣ ብራሹን አጥቤ ማስቀመጥ እችላለሁ።

መብራት የማይጠፋበት ቦታ ብኖር ትንሹን እገዛ ነበር። ቀላል ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ለእኔ ግን ባለ 24 ሊትሩ ይሻላል። ኦይል ፍሪ የሚለውን፣ 750 ዋት። ኦይል ፍሪ መሆኑን ሳጥኑ ላይም ማሽኑ ላይም አየሁ። ዘይት መሙያ ክዳንና ዘይት ማያ መስኮት ካለው ዘይት ይጠጣል ማለት ነው።

ቮልቱንም ተመልከቱ። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ባለ 110 ቮልት ማሽን እኛ ሶኬት ላይ በተሰካበት ደቂቃ ይቃጠላል።

ግንቦት 22

ገዛሁ። 21,500 ብር። ሬጉሌተር ከውኃ መያዣ ጋር ለብቻው 1,900 ብር። የማሽኑ የራሱ ሬጉሌተር ለጎማ መንፊያ የተሠራ ስለሆነ ከ3 ባር በታች እጅ ላይ አይረጋም። ሁለተኛውን ከእሱ ቀጥሎ አሰርኩ። አሁን 1.4 ባር ስለው 1.4 ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ ቀን ላይ ሞተሩ እያቃሰተ ተነሳ። ሶኬቱ ሩቅ ስለሆነ በቀጭን ማራዘሚያ ነበር የሰካሁት። ገመዱ በእጄ ስነካው ሞቋል። ቀጭን ገመድ ላይ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሞተሩ ይታመማል። ማሽኑን ሶኬቱ አጠገብ አድርጌ የአየሩን ጎማ አስረዘምኩ። ጎማ ቢረዝም ግድ የለም። የመብራት ገመድ ሲረዝም ነው ጉዳቱ።

ድምፁ አለ፤ ጮክ ብሎ ማውራት ይጠይቃል። ግን ታንኩ እስኪሞላ ብቻ ነው። መስጊዱ ቅርባችን ስለሆነ ከአዛን በፊት እሞላውና አጠፋለሁ። በሶላት ሰዓት በታንኩ አየር በጸጥታ እሠራለሁ። ጎረቤትም እስካሁን አልተቸገረም።

ማስክም ዛሬ ገዛሁ፤ ባለ ሁለት ማጣሪያ፣ 2,800 ብር። የጨርቁ ማስክ ብናኝ እንጂ የቲነር ጋዝ አይይዝም። ኤርብራሽ ቀለሙን እንደ ጉም ስለሚያደርገው ሳንባ ድረስ ይገባል። ከዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበትን የመኪና ቀለም ደግሞ እኔ በዚህ ማስክም ቤት ውስጥ አልነፋውም።

ግንቦት 28

አንድ ሳምንት ልምምድ። ነጥብ፣ መስመር፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ከጥቁር ወደ ነጭ። የጋዜጣ ወረቀት ፈጀሁ።

ለልምምድ ይረክሳል ብዬ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በውኃ አቅጥኜ ሞላሁ። በ0.3 ኖዝል ሦስት መስመር ሳልሠራ ደፈነ። የግድግዳ ቀለም ውስጡ እንደ ኖራ ያለ ብናኝ አለው። ለሮለር ነው የተሠራው። ከሂርማታ ገበያ የሴት ናይለን ካልሲ ገዝቼ ቀለሙን ሁሉ በእሱ ማጥለል ጀመርኩ። ሲንተቲኩንም ጭምር። ጣሳው አፍ ላይ የደረቀ ቆዳ ሁልጊዜ ይገባል።

ውፍረቱን የምለካው በወተት ነው። ብርጭቆ ግድግዳ ላይ እንደ ወተት ስስ ሽፋን ትቶ ከወረደ ደርሷል። እንደ እርጎ ከተጎተተ አኳራጅ ይጨመርበታል። እንደ ውኃ ከሮጠ በዝቷል፤ ላሜራው ላይ እንደ ሸረሪት እግር ይበተናል።

ጣቴን ያስቸገረው መጨረሻው ነው። መስመር ስጨርስ ቃታውን በአንዴ እለቅ ነበር። አየሩና ቀለሙ አብረው ሲቆሙ ጫፉ ላይ ጠብታ ይቀራል። ቀጣዩን መስመር ስጀምር ያ ጠብታ ይረጫል። መጀመሪያ ቀለሙን ወደ ፊት መመለስ፣ አየሩን መጨረሻ መልቀቅ። ይህን ለመልመድ አራት ቀን ፈጀብኝ።

ሰኔ 2

ኖዝል ሰበርኩ።

ለማጠብ ፈትቼ ስመልሰው በቁልፉ ትንሽ አጠበቅሁት። ትንሽ ብቻ። ጥርሱ ውስጥ ቀረ። የዚህ ኖዝል ጥርስ ከስንዴ ፍሬ ይቀጥናል። በጣት ጫፍ እስኪቆም አጥብቆ፣ በቁልፍ ትንሽ ነካ ማድረግ ብቻ ነው። የቀረውን ስባሪ በመርፌ እያዞርኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስፈልገው ቆይቼ አወጣሁት። ከአዲስ አበባ ሌላ 0.3 አዘዝኩ፤ 900 ብር። እስኪመጣ በ0.5 ቀጠልኩ። በነገራችን ላይ 0.5ቱ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ቅጠሎቹን በሙሉ በእሱ ለመሥራት የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

አዲሱ ሲመጣ ደግሞ ኩባያው ውስጥ አረፋ ይፈላ ጀመር። አረፋ ማለት አየር በኖዝሉ ጥርስ በኩል ወደ ኋላ እየገባ ነው ማለት ነው። የንብ ሰም ትንሽ አሙቄ ጥርሱ ላይ ቀባሁ። ቆመ። ሰም እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ሌላ መድፈኛ መፈለግ አያስፈልግም። ሲንተቲኩንም እስካሁን ችሎታል።

በናይትሮ ቲነር ግን አታጥቡ። የመጀመሪያው ቀን አድርጌው ውስጡ ያለች ጥቁር ጎማ አብጣ ቃታው ተጣበቀ። ለሲንተቲክ አኳራጅ ይበቃል።

ሰኔ 9

ዝናቡ ገባ። ብራሹም ውኃ መትፋት ጀመረ።

ቢጫ እየነፋሁ ድንገት ጠብታ ፊጭ አለና አንድ ፍሬ አበላሸ። የውኃ መያዣውን አየሁ፤ ግማሽ ደርሷል። ታንኩን ከታች ስከፍተው እንደ ሻይ የቀላ ውኃ ወጣ። አየሩ ሲታመቅ ይሞቃል፣ እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል። ጎማው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውኃ ይሆናል። በግንቦት እንዲህ አልነበረም።

መያዣው ከማሽኑ ጋር ተጣብቆ ስለነበር አየሩ ገና ትኩስ ሆኖ ነው የሚያልፈው። ውኃው የሚፈጠረው ከእሱ በኋላ ነው። ከፍሪጅ ሠሪው 5 ሜትር ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወሰድኩ። የድሮውን ሞተር መልሼ ሰጥቼው ነው፤ ብር አልተቀባበልንም። ቱቦውን ጠምዝዤ ቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። አየሩ ከታንክ ወጥቶ በባልዲው ያልፋል፣ ከዚያ ወደ መያዣው። መያዣው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ከተጋደመ ውኃው ያልፋል። ማታ ማታ ታንኩን አስተነፍሳለሁ።

ሦስት ሰዓት ሠርቼ አንድ ጠብታ አልተፋም።

ሰኔ 15

ባጃጁ መጣ። ከኋላ ያለውን ክፍል ፈተግሁ፣ አጠብኩ፣ በወረቀትና በፕላስተር ሸፈንኩ። ግንዱን በብሩሽ፣ ቅጠሉን በ0.5 በ1.8 ባር፣ ፍሬውን በ0.3 በ1.2 ባር። ሃያ ሦስት ፍሬ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ቢጫ። ሲደርቅ ለግማሾቹ አረንጓዴ ከሥር፣ ለግማሾቹ ቀይ ከላይ። መጨረሻ ላይ በነጭ ብሩሽ አንዳንድ ብልጭታ።

አሥራ አራተኛው ፍሬ ላይ መብራት ጠፋ። ታንኩ 7 ባር ነበረው። ያንን ፍሬና ቀጥሎ ያለውን ጨረስኩ። ብራሹን አጠብኩ። ጌጁ 3 ላይ ነበር። መብራቱ ማታ መጣ፤ የቀሩትን ጠዋት ሠራሁ።

ባለቤቱ ዛሬ ወሰደው። 6,000 ብር ከፈለኝ። እስካሁን ያወጣሁት ከቀለሙ ውጭ 37,400 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 2,500ው ለፍሪጁ ሞተር የሄደ ነው።

የፍሬን ታንኩ ግን አልተጣለም። ውስጡን በፈላ ውኃና በኦሞ ሦስት ጊዜ አጥቤ አፉን ዘቅዝቄ እያደረቅሁት ነው። የወረቀቱን ፈተና ካለፈ ከባለ 24 ሊትሩ ጋር አያይዘዋለሁ። ወደ 20 ሊትር ይጨምርልኛል። ነገ ሌላ ባለባጃጅ ይመጣል፤ እሱ የሚፈልገው ጀበና ከነጭሱ ነው። ጭሱን በ0.2 ልሞክረው።